ሴት ልጆች በስካውት፤ ከ1909 እስከ ዛሬ

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1909 ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በተባለው ስፍራ ከ10,000 የሚበልጡ ወንዶች ልጆች የስካውት ልብሳቸውን ለብሰው ተሰልፈው ነበር (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የስካውት ንቅናቄ መሥራች፣ የእንግሊዝ ጦር ጄኔራሉ ሮበርት ቤደን ፓውል ሰልፉን ሲጎበኝ ያልጠበቃቸው እንግዶች አጋጠሙት፤ ባርኔጣ ደፍተው፣ ረጅም በትር ይዘው የቆሙ ጥቂት ሴት ልጆች። ማንነታቸውን ቢጠይቃቸው እነሱም ስካውት መሆናቸውን ነገሩት። የጠራቸው አልነበረም። ለወንዶች ልጆች ብሎ የጻፈውን መጽሐፍ አንብበው፣ ልብሱን እንደምንም አዘጋጅተው፣ ቡድን መሥርተው በራሳቸው ፈቃድ ነው የመጡት። በወቅቱ እንደነሱ ስማቸውን ያስመዘገቡ ሴት ልጆች በሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

ሴቶችን ከወንዶች ጋር ስለመቀበል ክርክር በተነሳ ቁጥር ነገሩ ትናንት የመጣ ፈሊጥ ተደርጎ ይወራል። የዘመኑን ሂደት ለተከታተለ ሰው ግን እውነቱ ሌላ ነው። ሴት ልጆቹ ከመጀመሪያው እዚያው ነበሩ። 100 ዓመት ያህል የፈጀው የአዋቂዎቹ ውሳኔ ነው።

ምን ነበር እንዲህ የሳባቸው? ይህን ለመረዳት ወደ ኦገስት 1907 መመለስ ያስፈልጋል። ቤደን ፓውል በደቡብ እንግሊዝ ብራውንሲ በተባለች ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆች ይዞ ሰፈረ። ግማሾቹ የመኳንንትና የባለጠጋ ልጆች፣ ግማሾቹ ደግሞ በአቅራቢያው ካሉት ከቦርንማውዝና ከፑል ከተሞች የመጡ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በዚያ የእንግሊዝ ዘመን እነዚህ ልጆች በአንድ ድንኳን ማደራቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በአራት አነስተኛ ቡድኖች ከፈላቸው፤ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራና አንዲት የባሕር ዳር ወፍ ስማቸው ሆነ። ትከሻቸው ላይ የቡድናቸውን ቀለም የያዘ ጥብጣብ አሰሩ። ዋናው ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቡድን ከራሳቸው መካከል አለቃ መሾሙ ነው።

ይህ ፓትሮል የሚባለው አሠራር እስከ ዛሬ የስካውት የጀርባ አጥንት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ልጆች፣ ከነሱ ብዙም የማይበልጥ አንድ አለቃ። አዋቂው ራቅ ብሎ ይቆያል። ሲመሽና ዝናብ ሲጀምር ድንኳኑን ማን ይወጥር፣ ደረቅ እንጨት ማን ይፈልግ፣ ውኃ ማን ይቅዳ የሚለውን የሚወስነው የ14 ዓመት ልጅ ነው። እንጨቱ ረጥቦ እሳቱ እምቢ ካለ ሁሉም ይራባል፤ ቋጠሮው በደንብ ካልጠበቀ ድንኳኑ ሌሊት ራሳቸው ላይ ይወድቃል። በማግስቱ ማንም ሳይቆጣቸው ቋጠሮውን ደጋግመው ይለማመዱታል። ልጅ ኃላፊነትን በምክር ብቻ አይማረውም፤ ለእሱ የተተወ እውነተኛ ሥራ ያስፈልገዋል። እሳት የማንደድ፣ ካርታ የማንበብ፣ የተሰበረ እጅን በእንጨት ደግፎ የማሰር ሙያ ደግሞ ጾታ አይጠይቅም።

የ1909ኙ አዋቂዎች ግን ይህን ለመቀበል አልተዘጋጁም። ሴት ልጅ ጫካ ውስጥ ስትሮጥ መታየቷ ያስደነገጣቸው ወላጆችና ጋዜጦች ነበሩ። ስለዚህ በ1910 ገርል ጋይድስ የተባለ ለብቻው የቆመ ድርጅት ተመሠረተና አመራሩ ለቤደን ፓውል እህት ለአግነስ ተሰጠ። እስከዚያ በአውሬ ስም ይጠሩ የነበሩ የሴቶች ቡድኖች የአበባ ስም እንዲይዙ ተደረገ። ብዙዎቹ ልጆች በዚህ መከፋታቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ስማቸው ቢለወጥም ብቃታቸው አልቀነሰም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ኤም አይ ፋይቭ በመጀመሪያ ወንዶቹን ስካውቶች መልእክተኛ አድርጎ ነበር። ሲያወሩና ሲያስቸግሩ በቦታቸው ሴቶቹን ጋይዶች ተካ፤ ምስጢር ጠባቂ ሆነው ተገኙ።

በአሜሪካም ሴቶች የራሳቸውን መንገድ ጀመሩ። በማርች 1912 ጁልየት ጎርደን ሎው የተባለች፣ የመስማት ችሎታዋ እጅግ የደከመ ሴት፣ ጆርጂያ ውስጥ በሳቫና ከተማ 18 ልጆች ሰብስባ ዛሬ ገርል ስካውትስ የሚባለውን ድርጅት መሠረተች። ሴቶች ድምፅ መስጠት ገና በመላ አገሪቱ ባልተፈቀደላቸው ጊዜ የሰበሰበቻቸው ልጆች በእግር ይጓዙ፣ ድንኳን ውስጥ ያድሩ፣ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። በ1928 ደግሞ የዓለም የሴቶች ጋይዶችና ስካውቶች ማኅበር ሃንጋሪ ውስጥ ተቋቋመ። ለብቻ መሆን በራሱ ጉዳት ብቻ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል፤ ሴቶች በሴቶች የሚመራ ትልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት ገንብተዋል።

አንድ ላይ የማድረጉ መንገድ ቀድሞ የተሞከረው ብዙ ሰው በማይገምተው ቦታ ነው። በ1919 የተመሠረተው የአይሁዶች የስካውት ንቅናቄ ጾፊም ከጅምሩ ወንዶችንና ሴቶችን በእኩልነት አቀፈ። በዛሬዋ እስራኤል ትልቅ የወጣቶች ንቅናቄ ስለሆነ እዚያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች አይስቱትም፤ የ16ና የ17 ዓመት ልጆች የታናናሾቻቸው መሪ ሆነው ሲሠሩ ያያሉ። በአውሮፓ ነገሩ ዘግይቶ በተከታታይ መጣ። ስዊድን በ1960፣ ዴንማርክ በ1973 የወንዶችና የሴቶች ድርጅቶቻቸውን አዋሐዱ። የጣሊያን ካቶሊኮች በ1974 ሁለቱን አንድ ሲያደርጉ የጨመሩት ደንብ በተለይ ያስደስተኛል፤ አመራሩን በየደረጃው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በእኩል ሥልጣን ይጋሩታል። ሴት ልጆችን አስገብቶ አዛዡን ሁልጊዜ ወንድ ማድረግ ምን ትርጉም አለው? ጣሊያኖቹ ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። የንቅናቄው እናት አገር እንግሊዝ በበኩሏ በ1976 ለትልልቆቹ፣ በ1991 ለፈቀዱ ቡድኖች በሙሉ ከፈተች፤ ሴቶችን መቀበል አጠቃላይ ደንብ የሆነው በ2007 ነው። ከክሪስታል ፓላስ ሰልፍ 98 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሜሪካ ከእነዚህ ሁሉ ዘገየች። ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ ለትልልቅ ወጣቶች ከነበሩት ፕሮግራሞች በቀር በሩን ዘግቶ ኖረ። ሴቶችን በታናናሾቹ ክፍል እንደሚቀበል በ2017 አስታወቀ፤ በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ዋናውን ፕሮግራም ከፈተ። ውጤቱ ብዙ አልቆየም። ኢግል ስካውት የሚባለው ከፍተኛ ማዕረግ 21 የሙያ ባጆች ማግኘትንና ለኅብረተሰቡ የሚሆን አንድ ትልቅ ሥራ መርቶ መፈጸምን ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ 18 ዓመት ሳይሞላ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 1,000 የሚጠጉ ሴት ልጆች የመጀመሪያዎቹ ባለማዕረግ ሆነው ተሰየሙ። መስፈርቱ ለእነሱ ተብሎ አልቀለለም። ድርጅቱም በፌብሩዋሪ 2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎ ቀየረ።

ሴቶችን የመቀበሉ እርምጃ በንጹሕ የእኩልነት ስሜት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። የአባላት ቁጥር ለዓመታት ሲያሽቆለቁል ነበር። ከዚያም የከፋ ነገር ነበረበት፤ ድርጅቱ በ2020 ለኪሳራ አመለከተ፤ በልጅነታቸው በመሪዎቻቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደተፈጸመባቸው የተናገሩ ከ82,000 በላይ ሰዎች የካሳ ጥያቄ አቀረቡ፤ ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የካሳ ዕቅድ ጸደቀ። ይህን ሳይጠቅሱ ስካውትን ማወደስ ለልጆቹ ታማኝ አለመሆን ነው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው እንዳይሆን የሚከለክለው፣ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች እንዲገኙ የሚያስገድደው ደንብ ለሴትም ለወንድም ልጅ የማይታለፍ ሊሆን ይገባል።

ሴቶችን መቀበሉ ሌላ ሙግትም አስነሳ፤ ገርል ስካውትስ በ2018 ቦይ ስካውትስን በስካውት ስም አጠቃቀም ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2022 ክሱን አልተቀበለውም። በሕጉ ይሸነፍ እንጂ ክርክሩ ውስጥ ያለው ስጋት ቀላል አይደለም። ወንዶች በሌሉበት ሴት ልጅ ሳትሸማቀቅ ትናገራለች፣ ሁሉንም ኃላፊነት ራሷ ትይዛለች፤ በተቀላቀለ ቡድን ውስጥ ማብሰሉ ወደ ሴቶቹ፣ ካርታው ወደ ወንዶቹ እጅ ሊሄድ ይችላል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ በሩ ለሁሉም ይከፈት፣ የሴቶች ብቻ የሆኑ ማኅበራትም ይኑሩ፤ ምርጫው የልጅቷ ይሁን። በተቀላቀለው ውስጥ ግን አለቅነቱና ሥራው በተራ መዞሩን አዋቂው በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት።

ጥቅሙ ከልጅነት አልፎ እንደሚዘልቅም ማስረጃ አለ። በ1958 በብሪታንያ የተወለዱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ፣ የኤድንበራና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲዎች በ2016 ያወጡት ጥናት በልጅነታቸው ስካውት ወይም ጋይድ የነበሩት በ50 ዓመታቸው የጭንቀትና የስሜት መታወክ የሚገጥማቸው ከሌሎቹ 15 በመቶ ያህል ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ስካውት ብቻውን ያመጣው ነው ብሎ መማል አይቻልም። ከቤት ውጭ መዋል፣ የቡድን ሥራና በራስ መተማመን ጤናን እንደሚገነቡ ማሰብ ግን አይከብድም።

በአገራችን ስካውት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ይታወቅ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ ነበር። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የቀይ መስቀልና ሌሎች ክበባት አሉ። የፓትሮልን አሠራር በእነሱ ውስጥ ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ገመድ፣ ድንኳንና ልጆችን የሚያምን መምህር ይበቃል። በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከቤት ውጭ ማደሯ ቢያስጨንቃችሁ እውነት አላችሁ። ሄዳችሁ መሪዎቹን ተዋወቁ፣ ደንቡን ጠይቁ፣ ከቻላችሁ ራሳችሁም አገልግሉ። ከተስማማችሁ ግን ለወንድሟ የፈቀዳችሁትን ለእሷም ፍቀዱላት።