ጸሎተ ንዋም በካፒቶል ሂል

እሑድ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ በሲያትል ካፒቶል ሂል ሠፈር ወደሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል የሚያመሩትን ሰዎች ያየ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ላይመስሉት ይችላሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ብርድ ልብስ የያዘ አለ፣ ትራስ ያቀፈም አለ። ገሚሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ገሚሱ ወለሉ ላይ ይጋደማል፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ዐይኑን ይጨፍናል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በአንድ ጥግ የቆሙ ዘማሪዎች በቀስታ ማዜም ይጀምራሉ። ስብከት የለም፣ ሙዳየ ምጽዋት አይዞርም፣ ማን ነህ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሲያልቅ ሰዉ ብዙም ሳይነጋገር ወደየቤቱ ይበተናል።

ይህ አገልግሎት በእንግሊዝኛ ኮምፕሊን ይባላል። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ፣ እኛ ጸሎተ ንዋም የምንለው፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ሌሊቱን ለእግዚአብሔር አደራ የሚሰጥበት ጸሎት ነው። ካቴድራሉ የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከእንግሊዝ አንግሊካኖች የወጣች የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ዘማሪዎቹን ያሰባሰበው የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋችና የዜማ ደራሲ የነበረው ፒተር ሃሎክ ነው። በ1956 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጥንታዊውን ዜማ ለማጥናት የተሰበሰቡ ጥቂት ወንዶችን ይዞ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የሚያዳምጣቸው ሰው እምብዛም አልነበረም። በ1962 ግን ኪንግ ኤፍኤም የተባለው የክላሲካል ሙዚቃ ሬዲዮ ጸሎቱን ማስተላለፍ ጀመረ፣ እስከ ዛሬም አላቋረጠም። ሃሎክ ዘማሪዎቹን እስከ 2009 መርቶ በ2014 ዐረፈ።

እኔንም ወደዚያ ያደረሰኝ ሬዲዮው ነው። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ፣ ድሮ መርከብ ጥገና ላይ የሠሩ አዛውንት፣ እሑድ ማታ መድኃኒታቸውን ከዋጡ በኋላ መብራቱን እንዳጠፋላቸውና ሬዲዮውን እንድከፍትላቸው ይጠይቁኛል። የየትም ቤተ ክርስቲያን አባል አይደሉም። «አባቴን ከቀበርን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅም፤ ይህን ሳልሰማ ግን እሑድን አልዘጋም» አሉኝ። እኔ ጎጃም ውስጥ ዳዊት ደግሜ፣ ቆሎ ተማሪ ሆኜ፣ በዲቁና አገልግዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የለመደ ጆሮ የፈረንጅ ዜማ ቶሎ አይገባውም። ይህኛው ግን ገባኝ፤ የማይቸኩል፣ ሰሚውን ለማስደነቅ የማይጣጣር ዜማ ነው። ሥራ በሌለኝ እሑድ አሁን ራሴ እሄዳለሁ። በእግዚአብሔር ፊት መጋደም ለእኔ ይከብደኛል፤ ስለዚህ ከኋላ እቆማለሁ።

የሕንፃው ታሪክም የሚነገር ነው። በ1931 ሲመረቅ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ገንዘቡን በልቶት ስለነበር ዕቅዱ ሳይፈጸም ቀረ። በ1941 ዕዳውን መክፈል ስላልተቻለ ባንክ ወሰደው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካ ጦር የፀረ አውሮፕላን ተኳሾች ማሠልጠኛ አደረገው። ምእመናኑ ተመልሰውበት ዕዳውን ከፍለው የጨረሱት በ1947 ነው። የውስጡ ግድግዳ ዛሬም ሊለበስ ታስቦ ያልተለበሰ ሲሚንቶ ነው። በጨለማ ለሚደረግ ጸሎት ግን ይስማማል።

ሲያትል ሃይማኖት የቀነሰባት ከተማ ናት። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 እና በ2024 ባደረገው ጥናት ከአሜሪካ አዋቂዎች 29 በመቶ ያህሉ የየትኛውም ሃይማኖት አባል አይደለንም ብለዋል። በሲያትልና በአካባቢዋ ግን በ2014 እንኳ ቁጥሩ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እግዚአብሔር የለም አይሉም። የሸሹት ጉባኤውን፣ ሹመቱን፣ ክርክሩን ነው። ወደ ቅዱስ ማርቆስ ትራስ ይዘው የሚመጡትም አብዛኞቹ ከእነርሱ ወገን ይመስሉኛል።

ከአባልነትና ከሹመት ውጭ የሚኖር፣ ዝምታንና የልብ ጸሎትን የሚያስቀድም ክርስትና በምዕራቡ ዓለም ለብቻው ስምና መምህራን አግኝቷል። በ1970ዎቹ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፔንሰር በምትባል ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም አበምኔት ቶማስ ኪቲንግ፣ ካቶሊክ ሆነው ያደጉ ወጣቶች የሂንዱና የቡድሃ መምህራንን ፍለጋ ሲጎርፉ አዩ። እነዚህ ልጆች የሚፈልጉት ነገር በራሳችን ቤት የለም ወይ ብለው መነኮሳቱን ጠየቁ። ዊልያም ሜኒንገርና ባሲል ፔኒንግተን የተባሉት መነኮሳት በ14ኛው መቶ ዘመን ስሙን ያልገለጸ እንግሊዛዊ ከጻፈው «ያለማወቅ ደመና» ከተሰኘው መጽሐፍ ተነሥተው ቀላል ሥርዓት አወጡ። አንድ አጭር ቅዱስ ቃል ትመርጣለህ። ዐይንህን ጨፍነህ ትቀመጣለህ። ሐሳብ ሲመጣ አትታገለውም፤ ወደ ቃሉ ቀስ ብለህ ትመለሳለህ። ሃያ ደቂቃ ጧት፣ ሃያ ደቂቃ ማታ። ኪቲንግ በ2018 እስኪሞቱ ድረስ ይህን አስተማሩ፤ ዛሬ ሲያትልን ጨምሮ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በየቤቱ ተሰብስበው እንዲህ የሚጸልዩ አሉ። ይህ ከሂንዱ የተቀዳ ነው ብለው የሚነቅፉ ክርስቲያኖችም ጥቂት አይደሉም።

ነቀፋው ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ምንጩ ሌላ ነውና። በ5ኛው መቶ ዘመን ዮሐንስ ካስያን የግብፅን በረሃ መነኮሳት ጠይቆ የጻፈው መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ አባ ይስሐቅ የተባሉ አባት ከ69ኛው መዝሙረ ዳዊት አንዲት ቃል ወስዶ ሲተኙም ሲነሡም፣ በሥራ ላይም በመንገድም እርሷን መደጋገምን ያስተምራሉ። የምዕራብ መነኮሳት ይህን ከካስያን ወረሱ። እኛ ደግሞ ከእነ እንጦንስና መቃርስ፣ ከእነ ጳኩሚስ ወረስነው። በ6ኛው መቶ ዘመን አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን ከመሠረቱ ጀምሮ የገዳሞቻችን ሥርዓት ከዚያው በረሃ የተቀዳ ነው። እናቴ ጀበናውን ጥዳ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች 41 ጊዜ እግዚኦታ ስታደርስ የነበረው ያንኑ ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚይዘው የመጻሕፍተ መነኮሳት ታሪክ ነው። በአብነት ትምህርታችን የመጻሕፍት ትርጓሜ አራት ጉባኤ አለው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። አራተኛው ሦስት መጻሕፍትን ይይዛል፤ ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዘመን የዛሬዋ ኳታር ባለችበት አገር የተወለደ ነው። የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፣ አምስት ወር ያህል ቆይቶ መንበሩን ጥሎ ተራራ ገባ፣ ከንባብ ብዛት ዐይኑ ጠፋ። አረጋዊ መንፈሳዊ የምንለው ተመራማሪዎች የዳልያታው ዮሐንስ የሚሉት የ8ኛው መቶ ዘመን መናኝ ነው፤ ልቡና የእግዚአብሔርን ክብር ማየት ይችላል ብሎ በመጻፉ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ በፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ዘመን በጉባኤ አውግዛዋለች። ሁለቱም የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ እኛ የንስጥሮስ ወገን ከምንላት። ጽሑፋቸው ከሱርስት ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተሻግሮ፣ ንስጥሮስን የምታወግዘው ቤተ ክርስቲያን ለመነኮሳቷ መማሪያ አደረገችው። መንበሩን የጣለ ጳጳስና የተወገዘ መናኝ በዋሻ የጻፉትን፣ በኬልቄዶን ጉባኤ ዙሪያ የተወጋገዙት ወገኖች ሁሉ ተቀባበሉት። ግሪኮቹም ይስሐቅን ተርጉመው ከቅዱሳን ቆጥረውታል።

በልጅነቴ መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያስተምሩ የኔታ ጉባኤ ዳር ተቀምጬ እሰማ ነበር። የቅዱሳን መዓርግ ዐሥር ነው፤ በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ይከፈላል። መጨረሻው ሥላሴን ማየት ሲሆን መጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ አፍንም ልብንም ዝም ማሰኘት። የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ ተማሪውን ቀጥል ሳይሉት ብዙ ይቆዩ ነበር። ማር ይስሐቅ ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ጸሎት ራሱ ዳርቻ አለው፣ ከዳርቻው ወዲያ ቃል ያልቃል፣ የሚቀረው አንክሮና ተደሞ ነው ይላል። ርኅራኄ ያደረበት ልብም ለሰው ብቻ አያለቅስም፣ ለአውሬውም፣ ለአጋንንትም ጭምር ያለቅሳል ብሎ ያስተምራል። ካፒቶል ሂል ላይ የተጋደሙት ልጆች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ከሹመት ርቆ እግዚአብሔርን መፈለግ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዋልድባን የሚያህል ገዳም እህል ሳይበላበት፣ ቋርፍ እየተበላበት የኖረው እንዲህ ከሹመት በራቁ ሰዎች ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በሚለው የሰንበት ክርክር አገራቸውን ለቀው፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ በ1352 አርመን ውስጥ ዐረፉ፤ ልጆቻቸው ከቤተ ክህነቱ ተገልለው ኖረው በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰንበታቸው ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጸደቀ። በዚያው ዘመን አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው ለንጉሡ ለዘርአ ያዕቆብ አንሰግድም ብለው ብዙ መከራ ተቀበሉ። ታሪካቸውን «ደቂቀ እስጢፋኖስ፡ በሕግ አምላክ» ብለው በአማርኛ ያደረሱን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እርሳቸውም የብራና መጻሕፍታችንን ሲመረምሩ የኖሩት በሚኒሶታ ግዛት፣ በቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ባለው ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ነገር ግን ባሕታዊ እንደ ልቡ የሚኖር ሰው አይደለም። አስቀድሞ በአመክሮ ማኅበር ውስጥ ይገባል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ የአበምኔቱን ትእዛዝ ይፈጽማል። በረሃ የሚወርደው ተፈቅዶለት ነው። የሚገሥጸው አባት አለው፣ የሚቀበለው ቁርባን አለው። መጻሕፍተ መነኮሳት ስለ ምትሐት ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው፤ ብቻውን የሚጸልይ ሰው የገዛ ምኞቱን ራእይ ብሎ ሊይዝ ይችላል፣ አይደለም የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። የሲያትል ወጣቶች ዝምታውን አግኝተዋል፤ እንዲህ የሚገሥጽ አባትና ማኅበር ግን አላገኙም፤ ለዚህም እጨነቃለሁ። የማስታምማቸው አዛውንት ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሲተኙ ከኦሪገን ከመጣች ልጃቸው በቀር ደጃቸውን የረገጠ አልነበረም። የሚጸልዩት ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ነው፣ የሚያውቃቸው ግን የለም። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ሰንበቴው፣ ጽዋው፣ ዕድሩ ቤቱን ይሞላዋል። ይህን ጥለን የእነርሱን እንያዝ የሚለኝ ካለ አልስማማም።

በእኛ በኩል ያለውንም መናገር አለብኝ። ከ1991 በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከነተከታዮቻቸው ተሰደው፣ በሐምሌ 2018 ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ስደተኛው ምእመን የአገር ቤት፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛ እየተባለ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት እዚህ የተወለዱ ልጆች ከወላጆቻቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ሆነው የሰሙት የቦርድ ጠብ፣ የሕንፃ መግዣ፣ የማን ወገን ነህ ጥያቄ ነው። ሕንፃውን የገዙት አባቶችና እናቶች ሁለት ሥራ እየሠሩ ነው የገዙት፤ ላባቸውን አከብራለሁ። ልጆቹ ግን ጽማዌ የሚባል መዓርግ እንዳለ ማንም አልነገራቸውም። አንዷን ቅዱስ ማርቆስ አግኝቻት በአማርኛ ሰላም ስላት ደነገጠች። «እኛ ጋር እንዲህ ዓይነት ነገር የለም እኮ ጋሼ» አለችኝ። ማር ይስሐቅን ነገርኋት፤ ስሙን በስልኳ ጻፈች።

ስለዚህ በሲያትል በሬኒየር ሸለቆና በአካባቢው ያሉ አባቶቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ማታ፣ ለምሳሌ ረቡዕ ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ቤተ መቅደሱ ይከፈት። መብራቱ ይቀነስ፣ ድምፅ ማጉያው ይጥፋ። አንድ ዲያቆን ጸሎተ ንዋምን በግእዝና በእንግሊዝኛ በቀስታ ያድርስ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ዝም ይባል። መቆም የማይችል ይቀመጥ። ምጽዋት አይጠየቅ፣ ማስታወቂያ አይነገር። ሲያልቅ መነኮሳትን በጉባኤ የተማረ አባት ካለ ከማር ይስሐቅ አንዲት ገጽ ያንብብና ይተርጉም፣ ልጆቹም የፈለጉትን ይጠይቁት። ቁልፉን ይዞ በሩን የሚከፍት፣ አዳራሹን የሚጠርግ ሰው ከጠፋ፣ ረቡዕ ፈረቃ የለኝም።