ልጆቻችን እርሻን የሚመርጡት መቼ ነው?



ወጣቶች ግብርናን መተዳደሪያቸው አድርገው እንዲመርጡ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከጉባኤያትም፣ በፕሮጀክት ከሚያገለግሉት ሠራተኞቻችንም ደጋግሞ ይደርሰናል። ጥያቄው በአገራችን ሲጠየቅ ትንሽ እንግዳ ነገር አለው። አባቶቻችን ገበሬነትን ወረሱት እንጂ አልመረጡትም። ሞፈርና ቀንበሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ «አንተስ ምን መሆን ትወዳለህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ ግን ልጁ በእርግጥ ይመርጣል። አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል፣ ከተማውን አይቷል፣ ወደ ውጭ የሄደ ዘመድም አለው። ስለዚህ የሚቀረው ወይም የሚሄደው አስቦበት ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። «ልጄ ግብርና ገባ» ሲባል ብዙ ጊዜ ኮሌጅ ገባ ማለት ነው። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በኋላም በአለማያና በጅማ፣ አገራችን ብዙ የግብርና ባለሙያዎችን አፍርታለች። እነዚህ ወንድሞችና እህቶች የተከበረ ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ገበሬውን የሚመክሩ ደመወዝተኞች ናቸው። እዚህ የምንናገረው ስለ ሌላው ወጣት ነው፤ ይኸውም በገዛ እጁ ዘርቶ ከዚያው ሊኖር ስለሚፈልገው።

ብዙዎች ወጣቱ እርሻን የሚተወው ስለሚንቀው ነው ይላሉ። ንቀት መኖሩን አንክድም፤ ምንጩ ግን ልጁ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ፣ «ካልተማርህ ታርሳታለህ!» እየተባለ ያድጋል። በትምህርት ቤትም ያረፈደ ተማሪ የሚቀጣው የግቢውን ሣር በማረም ወይም አትክልቱን በመቆፈር ነው። ዶማውን ለዓመታት የቅጣት መሣሪያ አድርገን ካሳየነው በኋላ፣ በወጣቶች ቀን ስለ ገበሬ ክብር ንግግር ብናሰማው ልቡ ባይቀበል ሊደንቀን አይገባም።

ይሁን እንጂ ንቀቱ ዋነኛው ምክንያት አይመስለንም። በአባቱ ማሳ ላይ ዶማ አልይዝም ያለው ያው ልጅ ከወላይታ ወይም ከከምባታ ተነሥቶ መቂና ዝዋይ ይሄድና በቀን ሠራተኛነት የሽንኩርት ቦይ ሲቆፍር ይውላል። ከሀዲያ ተነሥተው ያን ሁሉ ድንበር እየተሻገሩ ደቡብ አፍሪካ የሚገቡት ወጣቶችም እዚያ የሚጠብቃቸው ዕረፍት እንዳልሆነ ያውቃሉ። እነዚህ ልጆች ከድካም አይሸሹም። የሚሸሹት እየደከሙ ምንም የማያዙበት መሆንን ነው።

ይህን ለመረዳት የመሬቱን ነገር ማየት ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲሰጥ ፈቀደ። በዚያ ዘመን ትዳር የያዘ ወጣት በገበሬ ማኅበሩ በኩል መሬት ይደለደልለት ነበር። በኋላ ግን የሚደለደል መሬት አለቀ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ መሬቱም አይሸጥም፣ አይለወጥም። መብቱ በወረቀት ላይ ጸንቶ ሳለ፣ ወጣቱ መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ብቻ ሆነ።

ወላጁስ ምን አለው? በብዙ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል። ሁለት ጥማድ ያለው አባት አራት ወንዶች ልጆች ቢኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ጥማድ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ለራሱና ለእናታቸው፣ ለሴቶች ልጆቹም ምንም ሳያስቀር። ሶስና በዙ እና ስታይን ሆልደን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን ደቡባዊ ክፍል የገጠር ወጣቶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት፣ እርሻን መተዳደሪያዬ አደርጋለሁ ያሉት ከመቶ 9 ብቻ እንደ ነበሩ ያሳያል። የመሬት እጦትንም ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ያቀርበዋል።

ነገር ግን ጥበቱ ብቻም አይደለም። በአባቱ ቤት የሚሠራን የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ተመልከቱ። ምን እንደሚዘራ የሚወስነው አባቱ ነው። እህሉን ገበያ የሚያወጣው አባቱ ነው። ልጁ ያደለበው በሬ አንድ ቅዳሜ ሳይጠየቅ ይሸጥና ገንዘቡ ለዕዳ ይውላል። ለጫማ መግዣ ሲፈልግ እንደ ሕፃን ይለምናል። አባትየው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እርሳቸውም ያደጉት እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እርሳቸው ሲያገቡ መሬት የሚያገኙበት በር ነበራቸው፤ የዛሬው ልጅ ግን የሚጠብቀው የአባቱን ሞት ነው ለማለት እንኳ አፍ ይከብዳል።

እንግዲህ እርሻን የሚመርጡት እነማን ናቸው? ባየነው መጠን፣ ትንሽም ብትሆን በራሳቸው ሐሳብ የሚያዝዙባት መሬት ያገኙ ናቸው። የመቂና የዝዋይ አካባቢ ይህን በግልጽ ያሳያል። ብዙዎቹ ወጣቶች የራሳቸው መሬት የላቸውም። በኮንትራት ይይዛሉ፤ ወይም ባለመሬቱ መሬቱን፣ እነርሱ ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የፓምፑን ነዳጅና ጉልበቱን ያወጡና፣ ወጪው ተነሥቶ የቀረውን ይካፈላሉ። ቀድሞ የቀን ሠራተኛ የነበረ ልጅ ጥቂት ብር አጠራቅሞ ከጓደኛው ጋር እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምር ማየት የተለመደ ነው።

የሚመርጡትም ምርት ምክንያት አለው። የሽንኩርት ችግኝ በመደቡ ላይ አርባ አምስት ወይም ሃምሳ ቀን ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ በሦስት ወይም በአራት ወር ይነቀላል። ስለዚህ በአንድ በጋ ውስጥ ልጁ የድካሙን ዋጋ በእጁ ይቆጥራል። እንሰት ግን ለመፋቅ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይጠብቃል፤ ቡናም የመጀመሪያ ፍሬውን ለማሳየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። እነዚህ ለቤተሰብ ዋስትና ናቸው፣ ይጠፉም ዘንድ አንመኝም። ነገር ግን ምንም ለሌለውና ጓደኞቹ ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ላሉት ወጣት፣ ሰባት ዓመት ጠብቅ ማለት ሂድ እንደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በፈጣኑ ምርት ከቆመ በኋላ የአቮካዶ ችግኝ የሚተክለው ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው አንልም። ሽንኩርትና ቲማቲም በአንድ ሳምንት ከየአቅጣጫው ሲወጣ ዋጋው ይወድቅና የለቀማውን ወጪ እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ አለ። ደላላው አለ። ቅጠሉንና ፍሬውን የሚበላው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይም ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የቲማቲም ገበሬውን እያስጨነቀ ነው። ሆኖም በአንድ ወቅት የከሰረ ወጣት በሚቀጥለው ተመልሶ ሲዘራ እናያለን። ኪሳራው የራሱ ነው፣ ትርፉም የራሱ ነበር፤ ስሌቱንም ያውቀዋል። በዚያ ላይ ሥራው ዕውቀቱን ይጠቀምበታል። የፓምፑን ሞተር ፈትቶ ይገጥማል፤ የአዲስ አበባን ዋጋ በስልኩ ይጠይቃል፤ የመድኃኒቱን መጠን በሊትር ያሰላል። በትምህርት ቤት የጨረሰው ዓመት በከንቱ እንዳልቀረ ይሰማዋል። ጎረቤቱም ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ ያያል፤ ይህም ከማንኛውም ንግግራችን ይልቅ ያሳምነዋል።

እዚህ ላይ ለጉባኤ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። ልጅ አባቱ በሕይወት ሳሉ ድርሻውን ሲጠይቅ፣ ወዲያው በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው የጠፋው ልጅ ትዝ ይለናል፤ ልጁም እንደ ዓመፀኛ ይቆጠራል። ነገር ግን ያኛው ልጅ ድርሻውን የወሰደው ሩቅ አገር ሊሄድበት ነው። ይህኛው የሚጠይቀው ከቤቱ ሳይርቅ ሊኖርበት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የአባትየውም ስጋት እውነተኛ መሆኑን መርሳት የለብንም። መሬቱን ከሰጡ ማን ይጦራቸዋል? አንዱ ልጅ ከወሰደ ሌሎቹስ ምን ይላሉ? ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ስጡ ማለት ብዙ ጊዜ በር ይዘጋል። ቀላሉ መንገድ አገሬው ከሚያውቀው ከእኩል አራሽነት ጋር ይመሳሰላል፤ አባት ለልጁ አንድ ጥማድ ወይም ግማሽ ጥማድ ለሦስት ዓመት ይሰጣሉ፣ የሚዘራውን ልጁ ይመርጣል፣ ከምርቱ የተወሰነው ለወላጆቹ ይገባል። ይህ በሽማግሌዎች ፊት በጽሑፍ ቢሆን፣ ወንድሞቹም ቢሰሙት ይመረጣል። በግቢያቸው ጦም የሚያድር መሬት ያላቸው ጉባኤያትም በዚሁ ዓይነት ለወጣቶች ማከራየት ይችላሉ፤ በነፃ ከመስጠት ይልቅ ኪራይ ቢቀበሉ ልጁ እንደ ተረጂ አይቆጠርም።

ስለ መደራጀትም ጥቂት እንበል። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ካቋቋመ ወዲህ፣ ወጣቶች ብድር ለማግኘት በማኅበር እንዲደራጁ በየቦታው ተጠይቀዋል። ለብድር ሲባል ብቻ የተሰበሰቡ፣ የማይተዋወቁ አሥር ልጆች ግን የመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ሲጣሉ ይታያል። ሁለት ጓደኛሞች ወይም ወንድማማቾች፣ ቀድሞ በእቁብ ወይም በደቦ የተፈታተኑ፣ ይሻላሉ። ማኅበሩ ለመድኃኒት መግዣና ለመኪና ኪራይ ይጠቅማል፤ ማሳው ግን የየግል ቢሆን እንመርጣለን።

ሴቶች ልጆቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ጨርሰው ይረሳሉ። ሕጉ ለሴትም እኩል መብት ይሰጣል፤ ልማዱ ግን ወደ ባሏ ትሄዳለች ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀሯት መሬት የማይፈልጉት፣ ዶሮና የሚደልብ በግ ናቸው። እነዚህም መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የእንቁላሉ ገንዘብ በእጅዋ መቅረቱን ማንም ሳያረጋግጥ ጫጩት ማደል፣ ለወንድሟ የነገርነውን ታሪክ በእርሷ ላይ መድገም ይሆናል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው አጭር ነው። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ወንዙ በየካቲት ምን ያህል ውኃ እንዳለው ሂዱና እዩ፤ ከልጁ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአባቱም ጋር ተነጋገሩ፤ ከማንም በፊት በራሱ ጥረት የጓሮ መደብ የጀመረውን ፈልጉ። በመስኖ ለሚለማ ሽንኩርት የችግኝ መደቡ በመስከረምና በጥቅምት ስለሚዘራ፣ የመሬቱ ስምምነት ክረምቱ ሳይወጣ ማለቅ አለበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የሚሰማውና ብዙዎች ጓዛቸውን የሚያሰናዱትም በዚያው ሰሞን ነው።