ፕላዝማ መቁረጫ ከመግዛትዎ በፊት

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ማታ ላይ ስልክ ደወለልኝ። ወዳጄ ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እዚህ አሜሪካ በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ብረት ይበይዳል። የጎረቤቶቹን የደረጃ መደገፊያ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የግቢ በር የሠራው እሱ ነው። «ስማኝ፣ ባለ 50 አምፔር ፕላዝማ መቁረጫ በርካሽ አግኝቻለሁ። ተራው ሶኬት ላይ ይሰካል ይላል። ሁለት ልግዛ? አንዱን ለራሴ፣ አንዱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ» አለኝ። «እባክህ እስከ ነገ ታገሠኝ» ብዬ መለስኩለት።

እንዲታገሥ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ፣ ምሕንድስና ተምሬያለሁ የምል ሰው፣ ያንኑ ስሕተት ሠርቼ ነበር። ስሕተቱ ዋጋ ያስከፈለው ግን እኔን ሳይሆን ታናሽ ወንድሜን ነው። ወደዚያ ታሪክ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለወዳጄ በማግስቱ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። በየአገሩ ጋራዥ ውስጥ ብረት የምትቆርጡም፣ ለቤተ ዘመድ መሣሪያ ለመላክ የምታስቡም ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና።

ለመሆኑ ፕላዝማ ምንድን ነው?

ጋዝ እጅግ ሲሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ጋዙ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። ይህ ነው ፕላዝማ የሚባለው። በመቁረጫው እጀታ ወይም ቶርች ውስጥ የታመቀ አየር በጠባብ የመዳብ ቀዳዳ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ቅስት ያገኘዋል፤ ሙቀቱም ወደ 20,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ ይችላል። ቅስቱ ብረቱን ያቀልጠዋል፣ የአየሩ ግፊት የቀለጠውን ጠርጎ ወደ ታች ያወጣዋል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ሮበርት ጌጅ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አዲሱ ነገር መሣሪያው በአንድ እጅ የሚነሣ ሆኖ ቤታችን መግባቱ ነው።

በአገር ቤት ጋራዦች የለመድነው የኦክስጅንና የአሴቲሊን እሳት የሚቆርጠው በሌላ መንገድ ነው። እዚያ ብረቱ መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ንጹሕ ኦክስጅን ሲነፋበት ራሱ ብረቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ተራ ብረት በደንብ ይቆርጣል፤ አልሙኒየምንና የማይዝገውን ብረት ግን አይችልም፤ የእነዚህ ብረቶች ዝገት እንደ ቅርፊት ሆኖ ቃጠሎውን ያግደዋልና። ፕላዝማ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት ሁሉ ይቆርጣል። ቀጭን ላሜራም ብዙ ሳይጣመም ይቆረጥለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። ሥራዎ ቱቦላሬና አንግል ብረት ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ግራይንደር ወይም የብረት መጋዝ ይበቃዎታል፤ ገንዘብዎን አያባክኑ። ፕላዝማ ዋጋውን የሚያወጣው ላሜራ ላይ ጥምዝ፣ ክብ፣ አበባና ፊደል ለሚቆርጥ ሰው ነው።

አምፔሩን ሳይሆን ሶኬቱን ይጠይቁ

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር መሣሪያው የሚያወጣው አምፔር ነው። ያ ኃይል ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ከግድግዳው ነው የሚመጣው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

የመቁረጫ ቅስት በአብዛኛው 100 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 40 አምፔር በ100 ቮልት ሲባዛ 4,000 ዋት ነው። መሣሪያው ራሱ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት ከግድግዳው 4,700 ዋት ያህል መሳብ አለበት። የአሜሪካው ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፔር ነው፤ ቢበዛ 1,800 ዋት። ባለ 20 አምፔሩም ቢሆን 2,400 ዋት ነው። ታዲያ «50 አምፔር በተራ ሶኬት» ማለት በአንድ ስኒ ጀበና ሙሉ ቡና ቅዳ እንደማለት ነው። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች በ120 ቮልት ሲሰኩ ኃይላቸው ወደ ግማሽ ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ይህም የሚጻፈው በመመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ነው።

ለልብስ ማድረቂያ የሚዘረጋው ባለ 240 ቮልት 30 አምፔር መስመር ግን 7,200 ዋት ይሰጣል። አውሮፓ ያላችሁ የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ 230 ቮልትና 16 አምፔር 3,680 ዋት ነው፤ ለ30 አምፔር መሣሪያ ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የብሬከር ሳጥንዎን ከፍተው ያንብቡ፤ ወደ ሱቅ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ መስመር ካስፈለገ ደግሞ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው። የተከራዩት ቤት ከሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም።

ስንት ሚሊ ሜትር?

ሻጮች ሦስት ቁጥሮችን ያደባልቃሉ። አንደኛው በንጹሕ ጠርዝና በደህና ፍጥነት የሚቆርጠው ውፍረት ነው። ሁለተኛው እንደምንም ብሎ የሚበጥሰው ውፍረት ነው፤ ጠርዙ ሻካራ ይሆናል፣ የረጋ ብረት ይንጠለጠልበታል። ሦስተኛው ከመካከል በስቶ መጀመር የሚችለው ውፍረት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ከሚቆርጠው ያነሰ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ሁለተኛው ነው፤ ለእርስዎ የሚያስፈልግዎ ግን አንደኛው ነው። በበርና በመስኮት ሥራ ላሜራው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ አልፎ አልፎ 6 ወይም 10 ይመጣል። ለዚህ ሁሉ እውነተኛ 30 አምፔር የሚሰጥ መሣሪያ ይበቃል።

ዕረፍቱን ይቁጠሩ

ዱቲ ሳይክል የሚባለው መሣሪያው ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ደቂቃ መሥራት እንደሚችል ይናገራል። 35 በመቶ በ40 አምፔር ከተባለ፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቆርጦ ስድስት ደቂቃ ተኩል ያርፋል ማለት ነው። ለቤት ሥራ ይህ አያስቸግርም፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመለካትና በማስመር ነውና። እንጀራው በዚያ ለሆነ ሰው ግን ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ስድስት ደቂቃ ብዙ ነው። 60 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ይፈልግ።

አየሩ የመሣሪያው ግማሽ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለ 40 አምፔር መሣሪያ በደቂቃ 140 ሊትር ያህል አየር፣ በ6 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል። በእንግሊዝኛው ልኬት ወደ 5 ሲ.ኤፍ.ኤም. በ90 ፒ.ኤስ.አይ. መሆኑ ነው። ጎማ ለመንፋትና ሚስማር ለመምታት የሚሸጠው ትንሹ ኮምፕሬሰር የሚሰጠው ከ70 እስከ 80 ሊትር ነው። ባለ 23 ሊትር ታንኩ ከ10 ባር ወደ 6 ባር እስኪወርድ የሚለቀው አየር 92 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ግፊቱ ይወድቃል፣ ቅስቱም ይጠፋል። ኮምፕሬሰሩ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሚያስፈልገውም አይርሱ።

ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። አየር ሲታመቅ ውኃ ያቆራል፤ ያ ውኃ ቶርቹ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮዱንና አፍንጫውን ይበላቸዋል። ውኃ ማጣሪያ ይግጠሙ፣ ታንኩንም በየዕለቱ ያፍስሱ። ኤሌክትሮድ ስል የብየዳውን ዘንግ ማለቴ አይደለም፤ ቶርቹ ውስጥ ያለውን፣ ጫፉ ላይ ሃፍኒየም የተባለ ብረት የተቀበረበትን ትንሽ መዳብ ማለቴ ነው። የጫፉ ጉድጓድ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲጠልቅ ይቀየራል። እነዚህ አላቂ ዕቃዎች ናቸው፤ ስለዚህ መሣሪያውን ከመግዛትዎ በፊት አላቂ ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላም የሚገኝ መሆኑን ያረጋግጡ። መለዋወጫ የሌለው ርካሽ መሣሪያ ውድ ነው።

አነሣሡንም ይጠይቁ። አንዳንዱ ቅስቱን የሚያስነሣው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ይህ ኮምፒዩተርንና ሬዲዮን ይረብሻል። ሌላው በውስጡ ያሉት ክፍሎች ተነካክተው በአየር ግፊት ሲለያዩ የሚነሣ ነው፤ ለቤት የምመክረው ይህንን ነው። ፓይለት አርክ ያለው ከሆነ ደግሞ ቀለም የተቀባና የዛገ ብረት ላይም ያለ ችግር ይነሣል።

ወደ አገር ቤት ለሚልኩ

አሁን ወደ ወንድሜ ታሪክ ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለው። የኦክስጅን ሲሊንደር ማስሞላት እያስቸገረው መሆኑን ሲነግረኝ፣ በ120ም በ240ም ቮልት የሚሠራ ፕላዝማ መቁረጫና አንድ ኮምፕሬሰር፣ ከቮልት መቀየሪያ ትራንስፎርመር ጋር ላኩለት። «ወንድም ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። እኔም ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝና ረሳሁት።

ከስድስት ወር በኋላ ለእረፍት ስሄድ መሣሪያው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ቆሟል። ኮምፕሬሰሩ የተቃጠለው በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ወንድሜ ስጦታ አይነቀፍም ብሎ፣ በይሉኝታ ሳይነግረኝ ቀረ። ከዚህም የባሰው፣ ፕላዝማ መጣልኝ ብሎ የኦክስጅን ሲሊንደሩን ከነዕቃው ሸጦት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ላሜራውን ሌላ ቤት እየወሰደ በገንዘብ ያስቆርጥ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ ነው። መቁረጫው ጤነኛ ነበር። ኢንቨርተር የሆነ መሣሪያ የገባውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጠው፣ በኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ይሠራል። ኮምፕሬሰሩ ግን ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይለውጥም። በ50 ኸርዝ ሞተሩ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ ያንኑ አየር ለመስጠት ረዘም ላለ ጊዜ መሮጥ ይኖርበታል። ቀድሞውንም ለፕላዝማ የማይበቃ ትንሽ ኮምፕሬሰር ሳያርፍ ሮጦ ተቃጠለ። እነዚህን ሁሉ ትምህርት ቤት ተምሬያቸዋለሁ፤ አንዱንም ግን ከመላኬ በፊት አላሰብኩም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መቁረጫውን 220 ቮልት የሚቀበል ኢንቨርተር መሆኑን አይተው ከነአላቂ ዕቃው ይላኩ፤ ኮምፕሬሰሩን ግን እዚያው አገር ቤት፣ ለ50 ኸርዝ የተሠራውን፣ ከሚያስፈልገው በአንድ ሦስተኛ ከፍ አድርገው ይግዙ። ከሁሉም በፊት ግን ደውለው ይጠይቁ። ቆጣሪው ስንት አምፔር ነው? ማታ ማታ ቮልቱ ይወርዳል? በብዛት የሚቆረጠው ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የላኩት ዕቃ ከደረሰም በኋላ «እየሠራ ነው?» ብለው ደግመው ይጠይቁ፤ ይሉኝታን የሚሰብረው ጥያቄ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ቶርቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ200 በላይ ስለሚሆን ሊገድል ይችላል፤ አላቂ ዕቃ ሲቀይሩ ሶኬቱን ይንቀሉ። ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም፤ ከ20 እስከ 40 አምፔር ቁጥር 5፣ ከዚያ እስከ 60 ቁጥር 6 የብየዳ መስተዋት ያስፈልጋል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚወጣው ጭስ ትኩሳት ያስይዛል፣ የማይዝገው ብረት ጭስ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፤ በር ከፍተው፣ ጭሱን ከፊትዎ አርቀው ይሥሩ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት አይቁረጡ፤ የቅስቱ ብርሃን ከእርሱ መርዝ ያወጣል። ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ደግሞ ባዶ ነው ብለው አይንኩት፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው ትነት ነው። በርሜል መሰንጠቅ በአገራችን የተለመደ ሥራ ስለሆነ መሣሪያ ስትልኩ ይህን ማስጠንቀቂያ አብራችሁ ላኩ።

ወዳጄ በማግስቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ መጀመሪያ ወንድሜን ልደውልለት» አለኝ። በሳምንቱ መልሶ ሲደውል ወንድሙ የነገረውን አጫወተኝ፤ ወንድሙ ለጊዜው የፈለገው ፕላዝማ ሳይሆን ጥሩ ግራይንደርና የዓይን መከላከያ ኖሯል። ለራሱ ደግሞ የ240 ቮልት መስመር እያስዘረጋ ነው፤ መሣሪያውን የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ለወንድሜ ባለ 50 ኸርዝ ኮምፕሬሰር መግዣ ከላክሁለት ቆይቷል። ዛሬ የሚሠራቸውን በሮች ፎቶ ይልክልኛል፤ አበባቸው የተቆረጠው በዚያው ጥግ ቆሞ በነበረው መሣሪያ ነው።

ቸር ይግጠመን።