ከድስቱ እስከ ግድቡ፦ የኬሚስትሪና የፊዚክስ መሠረቶች

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ተማሪ ሁሉ ይህን ይሸመድዳል። አዲስ አበባ ውስጥ በሚንተከተክ ድስት ቴርሞሜትር የሚያስገባ ልጅ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ያነብባል። መሣሪያው አልተበላሸም። የ100 ዲግሪው ቁጥር የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው ከተማ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱም የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። የሚጫነው አየር ስለቀለለ ውኃው ዝቅ ባለ የሙቀት መጠን ይፈላል፤ ሽምብራና ባቄላውም ሳይበስል ይቆያል። ፕሬዠር ኩከር የሚረዳው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምርና ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ስለሚያደርግ ነው። ቁጥሩን ያለ ግፊቱ ማስተማር ግማሽ ትምህርት ነው።

እዚያው ድስት ላይ፣ ብዙ ተማሪዎች የሚያምታቷቸው ሙቀትና የሙቀት መጠን ይለያያሉ። ውኃው አንዴ ከፈላ እሳት ቢጨመርበት ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ተጨማሪው ሙቀት የሚውለው የተሳሳቡትን ሞለኪውሎች አላቅቆ እንፋሎት ለማድረግ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበቃዋል፤ ተንኖ እስኪያልቅ ግን ከ2,200 ኪሎጁል በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የፈላ ድስት እሳቱ ቢቀነስለትም መፍላቱን እስካላቆመ ድረስ ባቄላው በዚያው ፍጥነት ይበስላል፣ ማገዶውም ይተርፋል።

የዚህ ሁሉ ሥር አንድ ሐሳብ ነው፤ ቁስ አካል የተሠራው ያለ ዕረፍት ከሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ሮበርት ብራውን ከአበባ ብናኝ የወጡ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በ1905 አልበርት አይንስታይን የሚገፏቸው የውኃ ሞለኪውሎች መሆናቸውን በስሌት አሳየ፤ ፈረንሳዊው ዣን ፔሬን ደግሞ በሙከራ አረጋገጠው።

ኬሚስትሪ የሚጀምረው ቅንጣቶቹ ሲጣመሩ ነው። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1869 ያን ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በሰንጠረዥ ሲደረድር ላልተገኙት ባዶ ቦታ ተወላቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ ጋልየም ተገኘና አንዱን ቦታ ሞላ። ዛሬ ቁጥራቸው 118 ደርሷል። ንጥረ ነገሮች ሲዋሐዱ ጠባያቸው ፈጽሞ ይለወጣል። ሶዲየም ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት አስተኔ ነው፣ ክሎሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የተገደሉበት መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ከአፋር በግመል የሚጫነው የወጥ ጨው ይሆናሉ።

ሁለቱን ትምህርቶች አብሮ ለማየት ከእንጀራ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት የጤፉን ስኳር እየበሉ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፤ ጎምዛዛው ጣዕም ከአሲዱ ነው። ከሊጡ ተቀንሶ የሚበስለው አብሲት ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ስለሚወፍር፣ ሊጡ አረፋውን እንዲይዝ ያግዛል። ይህ ኬሚስትሪ ነው። ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ፊዚክሱ ይከተላል፤ ጋዙ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ውኃውም ይተናል፣ ሁለቱ ወደ ላይ ሲያመልጡ ዓይኑን ይከፍታሉ። ገጹ ወዲያው ስለሚረጋ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል።

የኤሌክትሪክ ምጣዱስ ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ከሚወርድ ውኃ። አንድ ሊትር ውኃ 100 ሜትር ሲወርድ 980 ጁል ገደማ ይሰጣል። ይህ ትንሽ ነው፤ ያንኑ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ እንኳ ሩቡን አይሞላም። ሦስት ኪሎዋት ተኩል ለሚወስድ ምጣድ በየሰከንዱ ቢያንስ ሦስት ሊትር ተኩል ውኃ ከዚያ ከፍታ መውረድ አለበት። ውኃው ተርባይኑን ያዞራል፣ ማይክል ፋራዳይ በ1831 እንዳሳየውም በማግኔትና በሽቦ መካከል የሚፈጠር እንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በመንገድ ላይ ሽቦው ስለሚሞቅ ከጉልበቱ የተወሰነው ይባክናል። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት ይቀንሳል፣ ብክነቱም አብሮ ይወርዳል፤ ከሕዳሴ ግድብ ወደ መሀል አገር የተዘረጋው መስመር 500 ኪሎቮልት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።