ግራና ቀኝ የሌለው ስክሪን

የስልክዎን ቋንቋ ለአፍታ ወደ ዐረብኛ ይቀይሩት። የመመለሻው ቀስት ግራውን ጥግ ለቆ ቀኝ ላይ ይቀመጣል፤ ሜኑው ከወዲያኛው በኩል ይከፈታል። የቪዲዮ ማጫወቻዋ ሦስት ማዕዘን ግን ንቅንቅ አትልም። እሷ የምታሳየው የድሮው ካሴት የሚዞርበትን አቅጣጫ እንጂ የጽሑፉን አይደለም። የስልክ ቁጥርም እንደ ልማዱ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በካርቱሙ ዐማራት፣ ከአየር ማረፊያው በስተ ምዕራብ ጎዳናዎቹ በቁጥር በሚጠሩበት ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ለተቀመጠ ሰው ይህ ብርቅ አልነበረም። አንዱ ስልኩን በዐረብኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በአማርኛ ይከፍታል፤ አፑ ግን ያው አንድ ነው።

ይህን እያንዳንዱ ስክሪን ላይ ቁጭ ብሎ የሚያገላብጥ ሰው የለም። ነገሩን የሚሸከመው ዲዛይን ሲስተም የሚባለው ነው። ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ ክፍተቱ፣ በተኑ፣ የስሕተት መልእክቱ ሳይቀር አንዴ ተወስኖ ስም ይወጣለትና ዲዛይነሩም ፕሮግራመሩም ከዚያ ይቀዳሉ። ቀድሞ ሥራው ገጽ በገጽ ነበር፤ አንድ አፕ ውስጥ አራት ዓይነት ሰማያዊ ቢገኝ ማንም አይደነግጥም ነበር። ጉግል የራሱን ዲዛይን ሲስተም፣ ማቴሪያል ዲዛይንን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ካወጣ፣ የዲዛይን መሣሪያው ፊግማም በ2016 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት ከሆነ ወዲህ ግን የዲዛይነሩ ውሎ ከመሣል ይልቅ ስም ወደ ማውጣት አዘንብሏል።

ስሙ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድሮይድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉ ቋንቋዎችን በወጉ ማስተናገድ ሲጀምር ዋናው መላ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉትን ቃላት ትቶ «መነሻ» እና «መድረሻ» ማለት ነበር። «ከመነሻው 16 ነጥብ ራቅ» የተባለ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ከግራ፣ በዐረብኛ ከቀኝ ይርቃል። ለእኔ ከሙያው ሁሉ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ካርቱም እንመለስ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያ ተኩስ ተከፈተ። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ሰዉ የሙጥኝ ያለው የካርቱም ባንክን አፕ፣ «ባንከክ»ን ነው፤ ትርጉሙ «ባንክህ» ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ኔትወርክ ሲቋረጥ እንኳ የስታርሊንክ ሳተላይት ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ተፈልጎ ይላክበት ነበር። ገዢው ከፍሎ ስልኩን ያዞራል፤ ሻጩ «ኢሽዓር» የሚሉትን ማረጋገጫ አሻግሮ ያያል። ያን ጊዜ የገንዘቡ ልክ የት ቦታ፣ በምን መጠን ተጻፈ የሚለው የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ዓይን የለመደውን ቦታ በአንድ ማሻሻያ ማዛወር ገበያ ያደናግራል።

አማርኛችንስ? አቅጣጫው ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ስለሆነ ችግር የለበትም ይባላል። አለበት። የመጀመሪያዎቹ የማቴሪያል በተኖች ጽሑፋቸውን የሚያጎሉት በትልልቅ የላቲን ፊደላት ነበር፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አጽንዖቱ እዚያው ይቀራል። ሰዓታችንም የሚቆጥረው ከንጋት ነው። የወር መምረጫው ዐሥራ ሁለት ረድፍ ብቻ ይዞ ከተሠራ ደግሞ ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ልደቱን የሚሞላበት ቦታ የለውም።