የቆመበትን ስፍራ የሚያውቅ ሶፍትዌር

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር ከተማ ወጣ ባለው ኮረብታ ላይ እንዳሳነጹት እንደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ባሉ አድባራት፣ በማሕሌት ቅኔ ለማበርከት የሚሻ ደቀ መዝሙር አስቀድሞ በጉባኤ ቤት ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ግሱን፣ አገባቡንና ምሥጢሩን መርምሮ ያርምለታል። በጉባኤ ቤት የተገኘ ስሕተት የትምህርት መንገድ ሲሆን፣ በማሕሌት የተገኘው ግን በምእመናን ፊት ከወጣ በኋላ የማይመለስ ቃል ነው። ሶፍትዌርም እንዲሁ ሁለት ስፍራ አለው፤ አንደኛው ባለሙያዎች ቴስት የሚሉት መፈተኛው፣ ሁለተኛውም ፕሮዳክሽን የሚሉት፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ነው።

ኮዱ በሁለቱም ስፍራ አንድ ሆኖ ሳለ የሚለየው ኮንፊግ የሚባለው ድንጋጌ ነው፤ የዳታቤዙን አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉንና መልእክት የሚላክበትን መሥመር የሚወስነው እርሱ ነውና። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ተመሥርቶ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በሚያስተዳድረው ዓይነት ሆስፒታል የሕሙማንን ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር አለ እንበል። የሶፍትዌር ፈተና በባሕርዩ የዳታቤዙን ሰንጠረዥ እየሞላ ባዶ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ሶፍትዌሩ ስፍራውን ቢስት የእውነተኞቹን ሕሙማን መዝገብ ይደመስሳል። በፕሮዳክሽን የሚደርስ እክል ምን ያህል እንደሚከብድም፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው እክል ምክንያት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ በወጣ ጊዜ አገር ሁሉ ተረድቶታል።

ሶፍትዌሩ ስፍራውን የሚለየው በልዩ ልዩ ምልክቶች ነው። የመጀመሪያው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የሚባለው፣ ሰርቨሩ ለፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያቀብለው ስምና ዋጋ ነው። ሁለተኛው የፈታኙ መሣሪያ ራሱ የሚተወው አሻራ ሲሆን፣ ፓይቴስት የተባለው መፈተኛ መሣሪያ በሥራ ላይ ያለውን ፈተና ስም በዚሁ ዓይነት ቫሪያብል ይጽፋል፤ ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መገንቢያም በልማዱ ለፈተና የሚፈጥረውን ዳታቤዝ ስም «ቴስት» በሚል ቃል ያስጀምረዋል። ሦስተኛው በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጥ ማኅተም ነው፤ ሬይልስ የተባለው ሌላው መገንቢያ ከአምስተኛ እትሙ ጀምሮ የስፍራውን ስም በዚያ እየመዘገበ፣ ፕሮዳክሽን የሆነውን ዳታቤዝ ደምስስ ሲባል እንቢ ይላል።

ምልክቱ ሲጠፋ ወይም ሲጣረስ ግን ግምት አይበቃም፤ የኮምፒውተር ስምና አድራሻ በየጊዜው ይለወጣልና። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚበጀው፣ መደምሰስን በተመለከተ ስፍራውን እንደ ፕሮዳክሽን፣ ወደ ውጭ መላክን በተመለከተ ደግሞ እንደ ቴስት መቍጠር፣ ይልቁንም ሥራውን አቁሞ ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

ስፍራን የመለየት ዕውቀት ለክፋትም ይውላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በመስከረም 2008 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ የቮልስዋገን የናፍጣ መኪኖች ሶፍትዌር ከመሪው ሁኔታ፣ ከፍጥነቱና ከአየሩ ግፊት በመነሣት በምርመራ ላይ መሆኑን እያወቀ፣ በዚያ ሰዓት ብቻ ጭሱን በሙሉ አቅም ያጣራ ነበር፤ በጎዳና ላይ ግን ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቅ ነበር። ኩባንያው እንዳመነው፣ ሶፍትዌሩ የተገጠመላቸው መኪኖች በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

እንግዲህ ሶፍትዌር ስፍራውን ማወቁ መልካም የሚሆነው፣ የትኛውን ዳታቤዝ እንደሚነካና መልእክቱን ወዴት እንደሚልክ ለመወሰን ብቻ ሲያገለግል ነው። ስለዚህ ኮድ የሚጽፉ ወጣቶቻችን ይህን ምርመራ በኮንፊጉ ውስጥ አንድ ጊዜ ይፈጽሙት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሒሳብ የሚያሰላውና ፍርድ የሚሰጠው ኮድ በፈታኝም ፊት ሆነ በሕዝብ ፊት አንድ ዓይነት ይሁን፤ ተፈትኖ አልፏል የሚለው ቃል የሚታመነው በዚህ ብቻ ነውና።