የጥርስ ሐኪም እስትንፋስ

አክስቴን የተበላ ጥርሳቸውን ለማስሞላት በዋጫ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ይዣቸው በሄድሁ ጊዜ፥ ወጣቱ ባለሙያ መሰርሰሪያውን ባስነሣ ቍጥር ከአፋቸው የሚወጣው ጉም በመስኮቱ ብርሃን ሲንሳፈፍ፥ የእርሱም ሰማያዊ ማስክ ረጥቦ ትንፋሽ በሳበ ቍጥር አፍንጫው ላይ ሲለጠፍ አይቼ፥ ነገሩ ከሕሊናዬ አልወጣ ቢለኝ ስለ ማስኩ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ይህ እኮ የእኔን ምራቅ ከእማማ አፍ ለመከልከል የተሠራ ነው፤ የእሳቸውን ትንፋሽ ከእኔ ሳንባ አይከለክልም፤ በጉንጬ በኩል በሩ ክፍት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1957 ለገበያ የቀረበው፥ በአየር ግፊት የሚሽከረከረው መሰርሰሪያ በደቂቃ ከ250 ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚዞር፥ ጥርሱ እንዳይግል ውኃ ይረጭበታል፤ ውኃውም ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ፥ ከባዱ ጠብታ ወዲያው ሲወርድ ረቂቁ በአየር ላይ ይቈያል። ኤን 95 የተባለው ጭምብል ከዚህ ረቂቅ ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል፤ ይህም ፊት ላይ በሚገባ ሲገጥም ብቻ ነውና፥ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ አሠሪው የጭምብሉን ልክ አስቀድሞም በየዓመቱም እንዲያስፈትሽ፥ ጭምብሉ በሚያርፍበት ስፍራም ጢም እንዳይኖር ያዝዛል። (ጢማቸውን ለሚያከብሩ ሊቃውንት መራር ሕግ ነው።)

ጥንተ ነገሩን ብንመረምር፥ በ1903 ዓ.ም. በማንቹሪያ የሳንባ ቸነፈር በተነሣ ጊዜ፥ በፔናንግ የተወለደው ሐኪም ዉ ሊየን ቴ ደዌው በእስትንፋስ ይተላለፋል ብሎ፥ ከፋሻና ከጥጥ የተደራረበ ጭምብል ባልደረቦቹን ያስለብስ ነበር፤ ሜኒ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ግን የዉ ሊየን ቴን ቃል ንቆ፥ ፊቱን ሳይሸፍን ሕሙማንን ጐብኝቶ፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐረፈ። ቸነፈሩ 60 ሺህ ያህል ነፍስ አጥፍቷል።

በአገራችንም ሕግ የለም አይባልም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ዓይነቱን ግን አንቀጹ ስለማይለይ ምርጫው ለገዢው ኪስ ይተዋል። ቦንጋ ላይ አንድ ኀላፊ፥ ይህን ማን እንደሚቈጣጠር ብጠይቃቸው፥ ጥያቄውን በደብዳቤ እንዳቀርብ አዝዘው ቡና ጋበዙኝ፤ ለደብዳቤው መልስ አልመጣም፤ ቡናው ግን እንደ ከፋ ቡና ነበር።

ወጣቱ አልሸሸኝም። «በኮሮና ጊዜ ኤን 95 ተሰጥቶን ነበር፤ አንዱን በወረቀት ከረጢት እያኖርሁ ላስቲኩ እስኪላላ አደረግሁት። አሁን ሲገኝ ከራሴ እገዛለሁ፤ የምራቅ መምጠጫውን የምትይዝልኝ ልጅ ግን ደመወዟ አይበቃም። የምንስበው አንድ አየር አይደለም እንዴ?»

መዘዙን በአጭሩ ልንገር፦ በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማእከል ባወጣው ዘገባ፥ በቨርጂኒያ ሳንባቸው እየጠጠረ ከታከሙት መካከል ዘጠኙ የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ሲሆኑ ሰባቱ ሞተዋል፤ መንሥኤው ግን አልተረጋገጠም። ኢትዮጵያም የሳንባ ነቀርሳ ከሚበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናትና፥ ወጣቱ ሳል የሰነበተበትን ታካሚ «መጀመሪያ አክታዎን ይመርመሩ» ብሎ ጥርስ መሙላቱን ያቈየዋል። ከሄዱት ተመርምሮ የሚመለስ ጥቂት ነው፤ ሌሎቹ ሕመሙ ሲብስባቸው ለማስነቀል ይመጣሉ።